ሬሳ የጫነ መኪና አይሰለፍም

«ቦቴው ደብረ ሲና ደርሷል። እሱ ሳይገባ ሬሳው እንዳይነሳ።»

ትዕግሥት ይህን የሰማችው በጓሮ በኩል፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቆማ ነው። ተናጋሪው የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ታምራት ናቸው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ መንገዱ ላይ ቆመው በስልክ ያወራሉ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ነጭ ጋቢያቸው ይታያል። እሷ የወጣችው ፊቷን ልትታጠብ ነበር። በጣሳ የቀዳችውን ውሃ ሳትታጠብበት መልሳ በርሜሉ ውስጥ ጨመረችው። እናቷ ዘነበች የሞተችው ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መጀመሪያ ቀብሩ ማለዳ ነው ተባለ። ቀጥሎ አጎቷ ከደብረ ብርሃን እስኪደርስ ይቆይ ተባለ። አሁን ረፍዷል፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ ግንቦት ነው። በዚህ አገር በግንቦት ሥጋ እንኳ ከጠዋት እስከ ቀትር አይውልም። ሬሳ እስከ ቀትር የሚያቆይ ሰው አልነበረም።

ወደ ውስጥ ተመለሰች። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ትከፍልባታለች። ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፣ በበጋ ያነዳል። አልጋውን ደጅ አውጥተው የእናቷን ሳጥን በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አሳርፈውታል። ሌሊት ከምትሠራበት ሆቴል ፍሪጅ በረዶ የሆነ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ በመግነዙ ግራና ቀኝ ደርድራ ነበር። በረዶው ቀልጧል። ጠርሙሶቹ ያላባቸው ላብ ከሳጥኑ ሥር ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበው የጠርሙሱ ላብ ብቻ መሆኑን ትዕግሥት ለራሷ ደጋግማ ትነግራለች። አንዲት ሴት ሎሚ እየቆረጠች መሬቱን ታሻለች። ሌሎቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ስለ ስኳር ዋጋ በሹክሹክታ ያወራሉ። ማንም ስለ ሽታው አይናገርም። ትዕግሥት ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍና ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት፤ እንግዳ ጥሎት የሄደውን ሽታ ሁሉ በበረኪና ስታስወጣ ኖራለች። ይኼኛውን ግን በምን እንደሚያስወጡት አታውቅም።

ወንድሟ ሞገስ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከገጠር ሌሊቱን በእግሩ መጥቶ ነው። ከወንዙ ዳር ሽንኩርት አለው፤ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ተከራይቶ ነው የሚያጠጣው። ከመጣ ጀምሮ ዓይኗን አላያትም። ሐዘን ነው ብላ ነበር።

«አጎታችን የት ደረሰ አሉ?» አለችው።

«ደብረ ሲና ደርሷል።»

ቦቴውም ደብረ ሲና ነበር። እሱም የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ ዘግይቶ ገባውና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ ይፈቀፍቅ ጀመር። በግንቦት ጭቃ የለም።

እናታቸው የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለሕክምና ብላ ከገጠር ወርዳ ትዕግሥት ዘንድ ከከረመች ወዲህ፣ ሲብስባት ሲብስባት፣ «እዚህ ከማላውቀው ሰው መሀል እንዳታስተኙኝ» ትል ነበር። ባሏ የተቀበረው በትውልድ መንደራቸው በሚካኤል ነው። አጠገቡ ቦታ አለ። ትዕግሥትም አደርገዋለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ሰው ለእናቱ የመጨረሻ ቃል ሲሰጥ ነዳጅ ይኖር ይሆን ብሎ አይጠይቅም።

መኪናውስ ነበር። መኪናው የእድሩ ነው፤ ኦራል የሚሉት፣ በፊት ወታደር ሲያመላልስ የኖረ አረንጓዴ የናፍጣ መኪና። ሠራዊቱ አውጥቶ በጨረታ ሲሸጠው የእድሩ አባላት አዋጥተው ገዙት። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የቀወት ገጠር ተወላጅ ነው፤ ሲሞት አባቱ ወዳረፈበት ደብር መሄድ ይፈልጋል። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ሌላ መኪና አይደፍረውም። ኦራሉ ይሻገራል። ያኔ ሰው ተደስቶ ነበር። አምና በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጋሼ ታምራት ተነሥተው፣ የጦር መኪና ነዳጅ ይጠጣል፣ የሚችለው መንግሥት ነው፣ እድር አይችለውም፤ የነዳጅ አገባቡ ይቀየር፣ ሮቤል ያውቅበታል አሉ። ተጨበጨበ። መካኒኩ ሮቤል መኪናውን ጋራዡ ውስጥ በሸራ ጋርዶ ሰነበተ። ሌሊት ሌሊት የብየዳው ብርሃን በሸራው ላይ ይታይ ነበር። ሲወጣ ቀለሙ ታድሶ፣ የጭነት ቦታው ወለል በአዲስ ሳንቃ ተለብጦ ነበር። ወለሉ ከበፊቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሏል። ሴቶቹ ለመውጣት ስለተቸገሩ በርጩማ ይቀመጥላቸው ጀመር። ወለሉ ለምን ከፍ አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ነዳጁስ ቀነሰ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም።

ቀትር ሊሆን ሲል ጥሩምባው ተነፋ። አጎታቸው አልደረሰም፤ የጠበቀውም የለም። ሳጥኑን አውጥተው ኦራሉ ላይ ጫኑት፤ ከወለሉ መሀል፣ ሁልጊዜ ሳጥን ከሚቀመጥበት ቦታ አኖሩት። ትዕግሥትና ሴቶቹ በሳጥኑ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የእድሩ ወንዶች የጎኑን ብረት ይዘው ቆሙ። ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ ጋሼ ታምራትና ሮቤል ገቡ። ሞገስም ከኋላ ተንጠላጠለ። መኪናው ወደ ገጠሩ መንገድ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ማደያው ታጠፈ። ይህ ማንንም አላስገረመም፤ ያለ ነዳጅ የትም አይደረስም።

የማደያው ሰልፍ ከድልድዩ ይጀምራል። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ትራክተሩ፣ ባጃጁ ሁሉ ቆሟል። ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ካርቶን አንጥፈው ሁለት ሌሊት ያደሩ ናቸው። ፊታቸው ላይ የዝንብ ብዛት ለጉድ ነው። ቦቴው ገብቶ ነዳጁን አራግፎ ገና መቅዳት መጀመሩ ነበር፤ ሰዉ በተስፋ ተነሥቶ ቆሟል። ኦራሉ ጥሩምባውን እያሰማ ሲመጣ መጀመሪያ ጩኸት ተነሣ።

«ወዴት? ወዴት? ሰልፍ አታይም?»

«ሬሳ ነው! ሬሳ ነው፣ አሳልፉ!» አሉ ከላይ የቆሙት።

ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ። የተኙት ተነሡ። ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ፤ ሲጋራ የያዘ ጣለ። ባጃጆቹ በእጅ እየተገፉ ወደ ጎን ወጡ። አንድ ሽማግሌ ከትራክተር ላይ ወርዶ ሳጥኑ እስኪያልፍ ድረስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «አላህ ያጽናሽ እህቴ» አለ አንድ ወፍራም የአይሱዙ ሾፌር፣ ትዕግሥትን ቀና ብሎ አይቶ። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣላት እንባ የመጣው። የማያውቋት ሰዎች ለእናቷ ተነሥተዋል።

ቀጂው የፓምፑን ጎማ በስተግራ ባለው የነዳጅ መሙያ አስገባ። ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ትዕግሥት ሳጥኑን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። ጥቂት ቆይቶ ከእግሯ ሥር ቅዝቃዜ ተሰማት። መጀመሪያ አላመነችም፤ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሳንቃውን ነካችው። ሳንቃው እየቀዘቀዘ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ ከላይ እየወረደ ከሥር ቅዝቃዜ ይወጣል። ለአፍታ ደስ አላት፤ ለእናቷ የሚሆን ቀዝቃዛ ነገር ተገኘ አለች በልቧ። ቀጥሎ ድምፁን ሰማች። በባዶ ጋን ውሃ ሲገለበጥ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ይንደቀደቃል፣ ይስተጋባል። የመኪናው ጋኖች በግራና በቀኝ፣ ከጎማዎቹ መሀል እንደተንጠለጠሉ ሰው ሁሉ ያውቃል። ድምፁ ግን ከዚያ አይደለም። ከሳጥኑ ሥር ነው።

ቀጂው ቀዳ፤ አሁንም ቀዳ። በሰልፉ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ቆይተው ቀና አሉ፤ ቆይተው ወደ ፓምፑ ቁጥር ተጠጉ። የአንድ መኪና ጋን ስንት እንደሚይዝ ሾፌር ሳይሰፍር ያውቃል።

«ይሄ ሁሉ ነዳጅ ወዴት ነው የሚገባው?»

«ሬሳው ነው እንዴ የሚጠጣው?»

«ጠምቷቸው ይሆናል፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሳቅ ተሰማ። ያ ወፍራም የአይሱዙ ሾፌር ሳይስቅ ጎንበስ ብሎ ከኦራሉ ሆድ ሥር አየ፤ ከወለሉ እስከ መኪናው አጥንት ያለውን በእጁ ለካ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ሻግ አለው!» ብሎ ጮኸ። «ወለሉ በሙሉ ሻግ ነው!»

ሻግ ማለት ከመኪና ሆድ ውስጥ ለኮንትሮባንድ የሚሠራ ድብቅ ቦታ ነው። ትዕግሥት ቃሉን ታውቀዋለች፤ ሆቴል የሚያድሩ ሾፌሮች ሲያወሩ ትሰማለች። ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር፤ ግን እስካሁን አላሰበችውም። መብራት ሲጠፋ የሆቴሉ ባለቤት ለጀነሬተር ናፍጣ አምጪ ብለው ሮቤል ጋራዥ ይልኳታል። ማደያው ደርቆ ከተማው ሁሉ ሲቸገር ሮቤል አንዳንድ ቀን ያጣል፣ አንዳንድ ቀን አያጣም። ከማደያ ዋጋ እጥፍ ይሸጣል፤ ባለቤቱም ሳይከራከሩ ይከፍላሉ። የማያጣባቸው ቀኖች የትኞቹ እንደሆኑ አሁን ገባት። በሰፈሩ ሰው በሞተ ማግስት የሆቴሉ ጀነሬተር ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። እትዬ በለጡ ሲሞቱ መብራት ነበር። የዳቦ ቤቱ ልጅ ሲሞት መብራት ነበር። በዚያ መብራት አንሶላ ተኩሳለች።

«በቃ! በቃ፣ ዝጋው!» ሮቤል ከፊት በር ዘሎ ወረደ። «መተንፈሻው!»

ጋን ሲሞላ አየሩ የሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ ያስፈልገዋል። ሮቤል ያንን ቧንቧ ወደ ጎን ቢያወጣው ተቆጣጣሪ ያየዋል። ስለዚህ ወደ ላይ አወጣው፤ በሁለት ሳንቃዎች መጋጠሚያ፣ ከወለሉ መሀል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ሳጥን እንደሚቀመጥ ያውቃል። የሬሳ ሳጥን አንሥቶ ከሥሩ ምን አለ ብሎ የሚፈትሽ ሰው አገር ላይ የለም። ሌላ ጊዜ ጋኑ ሳይሞላ ያቆሙ ነበር። ዛሬ ቦቴው ሙሉ ስለመጣ አላቆሙም።

ናፍጣው አረፋ ሆኖ ከሳጥኑ ሥር ገነፈለ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየጮሁ ተነሡ። ትዕግሥት አልተነሣችም። የሳጥኑ ታች በናፍጣ ሲርስ፣ ከላይ የለበሰው ጨርቅ ጫፉ ሲጠቁር፣ መስቀሉ የተጠለፈበት ወርቃማ ክር ሲረጥብ እያየች ቆየች። ናፍጣው ሳጥኑን አልፎ በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ገብቶ በድብቁ ጋን ጎን ወደ ታች ይንጠባጠብ ጀመር። ያን ጊዜ ከታች ሩጫ ተሰማ። ጀሪካን የያዘ በጀሪካን፣ ያልያዘ በጠርሙስ፣ አንዱ በባርኔጣው፣ ከኦራሉ ሆድ ሥር ገብተው የሚፈስሰውን ይቀበላሉ። ባርኔጣውን ያቀረበው ሰው ቅድም ለሬሳው ብሎ ያወለቀው ነው። ከሁሉም ፊት ደግሞ ሞገስ ነበር። ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ጀሪካኑን ከየት እንዳመጣው ትዕግሥት አላየችም፤ ግን ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚቀድመው። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከሳጥኑ ትይዩ፣ ከመኪናው ጠርዝ ሥር፣ የጀሪካኑን አፍ ወደ ላይ አዙሮ ይዟል። ክንዱ እስከ ክርኑ ርሷል።

«ሞገስ!»

«ቆይ፣ እየፈሰሰ ነው።»

«ከምን ላይ ነው የሚፈስሰው?»

ቀና ብሎ አያት። ዛሬ ዓይኗን ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

«ሽንኩርቱ ውሃ ካገኘ ሰነበተ። እነ ጋሼ ለአንድ ማጠጫ የሚሆን እንሰጥሃለን አሉኝ» አለ። «እማዬም ብትሆን ይድረቅ አትልም ነበር።»

እውነቱን ነው፤ አትልም ነበር። እናቷ በሕይወት ብትኖር ተነሥታ ጀሪካኑን ትይዝለት ነበር።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ደግሞ አስነሣ፤ አሰለ፤ ጠፋ። ሮቤል ከሥሩ ገብቶ ቆይቶ፣ አየር ይዟል፣ ከላይኛው ጋን የሚመጣው ቧንቧ አየር ስቧል፣ አየሩ እስኪወጣ ነው አለ። ሬሳውን የያዘው መኪና በቀትር ፀሐይ ማደያ መሀል ቆሞ ቀረ። ናፍጣ ባይሸት ኖሮ የሚሸተው ሌላ ነበር። ጋሼ ታምራት ከወንበራቸው ሳይወርዱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ጋቢያቸው ላይ አንዲት ነጥብ የለም።

«እስኪነሣ ድረስ የጎኖቹን ሙሉ» አሉ ለቀጂው። «ጊዜ አናባክን።»

ትዕግሥት ብድግ አለች።

«እናቴን አውርዱልኝ።»

የሰማት አልመሰላትም። ደግማ ተናገረች። ሴቶቹ ነጠላዋን ይጎትቱ ጀመር። «ተይ ልጄ፣ ነውር ነው፣ ወንዶች አሉ» አለቻት ዓለምፀሐይ፣ የእድሩን ዕቃ የምትይዘው ሴት። ወንዶቹ አሉ። የጎኑን ብረት ይዘው ቆመዋል። ወደ ጋሼ ታምራት ያያሉ።

ጋሼ ታምራት በቀስታ ወረዱ። «ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ» አሉ። «ሚካኤል ካህናቱ እየጠበቁ ነው። ከአባትሽ ጎን ጉድጓዱ ተቆፍሯል። እዚህ ካወረድሻት ያንን መንገድ በምን ልታደርሻት ነው? በዚህ ከተማ ነዳጅ ያለው ሌላ መኪና የለም። ይሄ ደግሞ ለእኔ አይደለም፤ ለእድሩ ነው። ነገ ለአንቺም ነው።»

ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ከዚህ እስከ ሚካኤል በትከሻ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በዚህ ሙቀት፣ ከትናንት የቆየ ሬሳ ይዞ አይታሰብም። አሁን ካወረደቻት እናቷ የምታርፈው በከተማው ቤተ ክርስቲያን፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሀል ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ መኪናው ሲነሣ፣ ጋኖቹ ሲሞሉ፣ ወይ ዛሬ ማታ ወይ ነገ፣ አባቷ ዘንድ ትደርሳለች። ትዕግሥት ሳጥኑን አየችው። የታችኛው ሳንቃ ናፍጣውን መጥጦ አብጧል።

«እናቴ የሰልፍ ማለፊያ አይደለችም» አለች። «አውርዱ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያ የአይሱዙ ሾፌር ነው ወደ ላይ የወጣው። ረድዋን ይባላል፤ ከሰልፉ ሦስተኛ ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ የሳጥኑን ራስጌ ያዘ። እጁ ተንሸራተተ፤ በሸሚዙ ጠረገና ደግሞ ያዘ። «ኑ እንጂ!» አለ ወደ ሰልፉ። «ወይስ እናት የላችሁም?» ሁለት ባጃጅ ነጂዎችና የትራክተሩ ሽማግሌ መጡ። የእድሩ ወንዶች ይህን ሲያዩ አንድ በአንድ እጃቸውን ዘረጉ።

«እህቴ፣ ወዴት ነው?» አላት ረድዋን።

«ከተማው ቤተ ክርስቲያን።»

ሳጥኑ መሬት እንደነካ ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ተንቀሳቅሶ አፍንጫውን ኦራሉ ፊት ደቀነ። ቀጂው ጎማውን ከኦራሉ ጋን አወጣ። «ሬሳ የለውም!» እያለ ሰዉ ይጮኻል። «ይሰለፍ! ከድልድዩ ይሰለፍ!» ጋሼ ታምራት እጃቸውን እያወናጨፉ ሊያስረዱ ሲሞክሩ ትዕግሥት ጀርባዋን ሰጥታ ከሳጥኑ ኋላ ሄደች። ረድዋን መኪናውን ጥሎ መጥቷል፤ ሲመለስ ተራው አይኖርም። ስለ ተራው አላነሣም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ ትከሻውን ለአንድ የእድሩ ሰው ለቀቀና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ በናፍጣ ጠቁሯል።

የተዘጋጀ ጉድጓድ አልነበረም። ጥግ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ቦታ ተሰጣቸውና ወጣቶች መቆፈር ጀመሩ። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ዶማው ይነጥራል። ካህኑ፣ አንድ ከሲታ ሽማግሌ፣ ለፍትሐት መጽሐፋቸውን ገልጠው ወደ ሳጥኑ ተጠጉና ቆም አሉ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

የእድሩ ወንዶች መሬት መሬት ያያሉ።

«ናፍጣ ነው አባ» አለች ትዕግሥት።

ካህኑ አዩዋት። ሳጥኑን አዩ። ወደ ዲያቆኑ ዞሩ።

«ጧፉን አርቀው» አሉት።

እንዲህ ሆና ተቀበረች። ሞገስ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ እየሮጠ፣ ባዶ እጁን። ጀሪካኑን አንድ ቦታ ሸሽጎታል። ከመቃብሩ ግርጌ ተደፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም። ትዕግሥት ግን አጠገቡ ቆማ የምታስበው ጀሪካኑ ክዳን ይኖረው ይሆን ብላ ነበር፤ ይህን በማሰቧም ራሷን ተጸየፈችው።

ሰፈር ሲመለሱ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ከቀብር የመጣ ሰው ሳይታጠብ አይገባም፤ ዓለምፀሐይ ከበሩ ላይ ቆማ በጆግ ውሃ ታፈሳለች። ሞገስ ተራው ደርሶ እጁን ዘረጋ። ታጠበ። ዓለምፀሐይ አፍንጫዋን ነፋችና ሳሙና አቀበለችው። አሁንም ታጠበ። አፈር አንሥቶ አሸው፤ ደግሞ ታጠበ። ናፍጣ በውሃ አይለቅም። ገብቶ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠ። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በትሪ ቀረበ። አምስት ሰው ለአንድ ትሪ ነው። ሞገስ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ እጁን ሰድዶ አንድ እፍኝ አነሣ። ሊዘግኑ የተዘረጉት አራት እጆች ቆሙ፤ ቀስ ብለውም ተመለሱ። አንዱ ጠግቤያለሁ አለ። ሌላው ጥርሱን አመመው። ሞገስ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ያኝካል። ከእነዚያ አራት ሰዎች ሁለቱ ቅድም ከመኪናው ሥር ጠርሙስ ይዘው የነበሩ ናቸው፤ ትዕግሥት አይታቸዋለች። የእነሱ እጅ በውሃ ለቅቋል፤ ጥቂት ነበር የያዙት።

ከድንኳኑ ራስ፣ ምንጣፍ ከለበሰው ወንበር ላይ፣ ጋሼ ታምራት ተቀምጠዋል። ዘግይተው መጡ፤ ለምን እንደዘገዩ የጠየቃቸው የለም። ተነሥተው ስለ እድሩ ተናገሩ፤ የእድር ጥቅም በመከራ ቀን ነው፣ ዛሬ ትንሽ የመኪና ብልሽት አጋጠመን፣ ሟቿን ግን በክብር ሸኘን አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ተቀመጡና ንፍሮ ዘገኑ። እጃቸው ንጹሕ ነው። ጎማውን አልያዙም፣ ጀሪካኑን አልያዙም፣ ሳጥኑንም አልያዙም። አብረዋቸው ከትሪው የቀረቡት ሰዎች እሳቸው እስኪያነሡ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ካነሡበት ቦታ እየተከተሉ ያነሣሉ።

ትዕግሥት ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ወደ ሞገስ ሄደች። ፊቱ ያለውን ትሪ ስታነሣበት እፍኙን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ በድንኳኑ መሀል አለፈች። ወሬው እየቀነሰ ሄደ። ከጋሼ ታምራት ዘንድ ደርሳ፣ ፊታቸው የነበረውን ትሪ ወደ ጎን አደረገችና፣ ልጅ ለአባቷ እንደምታቀርብ በጉልበቷ በርከክ ብላ የወንድሟን ትሪ አቀረበች።

«ጋሼ ታምራት፣ ከዚህ ይቅመሱ።»

ሽታው ደረሳቸው። ወደ ኋላ ጠጋ አሉ።

«በልቻለሁ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።»

«የእናቴ ንፍሮ ነው።»

ሰው ሁሉ ያያል። የሟች ንፍሮ ከልጅ እጅ ሲቀርብ እምቢ አይባልም፤ እንዲያ ያደረገ የእድር ሊቀ መንበር ታይቶ አይታወቅም። ጋሼ ታምራት ግራና ቀኝ አዩ። የሚያስጥላቸው አላገኙም። በሁለት ጣታቸው ሦስት አራት ፍሬ ስንዴ አነሡ። «ነፍስ ይማር» አሉና አፋቸው ውስጥ አደረጉት። አኘኩ። ፊታቸው ተቋጠረ፤ ጉሮሯቸው ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። ውሃ የሚሰጣቸው ሰው በዓይናቸው ፈለጉ። ዓለምፀሐይ ጆጉን እንደያዘች ከበሩ ቆማለች፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ትዕግሥት ትሪውን ዝቅ አላደረገችም።

«ይድገሙ» አለቻቸው።